ሳልጠራት አቤት አለችኝ

ይህ ነገር የገጠመኝ ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ እዚሁ ጅቡቲ ከተማ፣ ካምሲን የሚሉት ትኩስ ነፋስ በሚነፍስበት ወቅት ነው። ዛሬም ሰው ስሜን ጠርቶ «አቤት» ባልኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል። የሰው ቤት ሠራተኛ ስለሆንኩ በቀን ብዙ ጊዜ እጠራለሁ፤ በቀን ብዙ ጊዜ ትዝ ይለኛል ማለት ነው።

አንዳንዴ ሕልም ነበር ወይ እላለሁ። እህቴ ሉባባ ግን «ሕልም ቢሆን ኖሮ ሁለታችንም አንድ ዓይነት አናልምም ነበር» ትለኛለች። እሷ ከልጅነቷ ጀምሮ በክርክር ተሸንፋ አታውቅም።

እኔና ሉባባ የወሎ ልጆች ነን። ጦርነቱ ቀያችን ሲደርስ ቤታችንን ዘግተን ወጣን። ቁልፉ እስካሁን እኔ ጋ አለ፤ በሩ ይኑር አይኑር ግን አላውቅም። ከዘመድ ቤት ወደ መጠለያ፣ ከመጠለያ ወደ ሌላ ዘመድ ቤት ስንል ከረምን። በመጨረሻ የሉባባ ባል «ጅቡቲ ወደብ ላይ ሥራ አይጠፋም» ብሎ ይዞን መጣ። ጥቂት ሰንብቶ ደግሞ «ባሕሩን ልሻገርና ገንዘብ እልክላችኋለሁ» አለና ሄደ። ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማንም። ሉባባ ያኔ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ወሯ ገብቷል።

ባልባላ ከሚባለው የከተማው ሰፈር ዳር አንድ የእርዳታ ግቢ እንዳለ ሰዎች ነገሩን። እንደኛ ከቤታቸው የተፈናቀሉና መንገድ ላይ የቀሩ ሴቶች የሚያርፉበት ነው። ዙሪያው በቆርቆሮ ታጥሯል። ውስጡ ጥላ አለ፣ ውሃ አለ፣ ፍራሽ አለ፤ ከሁሉም በላይ አዋላጅ አለች። እኛ ግን የነበርነው ከአጥሩ ውጭ ነው። ሰው ስለበዛ የሚገባው በተራ ነበር። ከአጥሩ ጥግ ነጠላዬን በሁለት እንጨት ወጥረን ሥሯ ተቀመጥን።

የጅቡቲን ሙቀት ላላየ ሰው እንዴት እንደምነግረው አላውቅም። አየሩ ራሱ ይንቀጠቀጣል። ሩቅ ያለው ሰው ውሃ ውስጥ የሚራመድ ይመስላል። ነፋሱ ሲነሳ የባልባላ ፌስታል ሁሉ ወደ ሰማይ ይወጣና በቀስታ ይዞራል። ሉባባ በጀርባዋ ተኝታ እሱን ስታይ ትውላለች። «ያቺ አረንጓዴዋ የኔ ናት» ትለኛለች። «ወደ ወሎ ከሄደች ተሸኝተናል ማለት ነው።» ፌስታሏ ግን ሁልጊዜ ወደ ባሕሩ ነበር የምትሄደው።

ሌሊት ሌሊት ሉባባን ስጠብቅ አድራለሁ፤ ቀን ቀን ደግሞ ዓይኔን ገልጬ አንቀላፋለሁ። ሰው ሲያናግረኝ ድምፁ ዘግይቶ ነው የሚደርሰኝ።

ተራውን የሚይዘው በረኛው ነበር። አማርኛ ተናጋሪ ነው፤ የሀገራችን ሰው። ስሙን እዚህ አልጽፈውም። መጀመሪያ ቀን «እህት ዓለም፣ ከወዴት ናችሁ?» ሲለኝ ደስ ብሎኝ ዕንባዬ መጣ። በሰው ሀገር በቋንቋሽ «እህት» የሚልሽ ማግኘት ቀላል አይደለም።

«ግቢው ሞልቷል፤ ቢሆንም ለሀገር ልጅ መላ አይጠፋም» አለኝ።

መላው ግን አልመጣም። ከእኛ ኋላ የመጡ ይገባሉ፤ እኛ እዚያው ነን። የሉባባ እግር አብጦ ጫማ እምቢ አለ። ስለምነው «ነገ» ይላል፤ ነገ ስለምነው «ነገ» ይላል።

አንድ ቀን ውሃ ልቀዳ ስሄድ ጠራኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ነገ ሰዉ ሁሉ ሲተኛ ጥበቃ ቤት ብቅ በይ። በሩን ገርበብ አደርግልሻለሁ። ብቻሽን ነይ። የእህትሽን ነገር እንጨርሳለን» አለ።

ከዚያ ከራስ ፀጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ አየኝ። የገባኝ ገባኝ። ልጅ አይደለሁም።

ጥበቃ ቤቱ የት እንደሆነ አልጠየቅኩትም፤ አውቀዋለሁ ብዬ ነው። የነገሩን እትዬ ዙሪያሽ ነበሩ። እትዬ ዙሪያሽ ከእኛ ቀድመው የገቡ፣ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ሴት ናቸው። አንዳንዴ ወደ ውጭ ይወጡና ለሉባባ የራሳቸውን ድርሻ ቴምር በመቀነታቸው ቋጥረው ያመጡላታል። ወሬም አብረው ያመጣሉ።

«በግቢው ጀርባ አንዲት ሰማያዊ በር አለች» ብለውን ነበር። «አንባቢ ሴቶች እንደነገሩን 'ጥበቃ' የሚል ተጽፎባታል። የዘበኞቹ ክፍል ናት። ሴት ሁሉ በዚያ በኩል ላለማለፍ ዞሮ ነው የሚሄድ። ደግሞ ማስታወቂያ ለጥፈዋል አሉ፤ 'ችግር የገጠማችሁ ሴቶች ወደ ጥበቃ ክፍል ኑ' የሚል። ይታያችሁ እንግዲህ! በጅብ ቆዳ የተሠራ ከበሮ ድምፁ እንብላው እንብላው ነው።»

ያን ቀን አብረን ስቀን ነበር። በረኛው ከጠራኝ በኋላ ግን አልሳቅኩም።

ለሉባባ አልነገርኳትም። ብነግራት እንጨት ተደግፋም ቢሆን ተነስታ ታንቀው ነበር። ሌሊቱን ሙሉ አሰብኩ። ባልሄድ እህቴ አሸዋ ላይ ልትወልድ ነው። ብሄድ ደግሞ እኔ ከዚያ በር ስወጣ ምን ሆኜ እንደምወጣ አላውቅም። እናታችን ስትሞት «ሉባባን አደራ» ብላኛለች። አደራ ከባድ ነው፤ እናቴ ግን እስከዚህ ድረስ ይከብዳል ብላ ያሰበች አይመስለኝም።

በማግስቱ ከተማው መተኛት ጀመረ። ጅቡቲን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ጫቱ ከገባና ምሳ ከተበላ በኋላ ሁሉም ነገር ጭልጥ ይላል። ሱቁ ይዘጋል። ሚኒባሱ ይቆማል። ፍየሎቹ እንኳ የሚያኝኩትን ካርቶን ትተው በግድግዳ ጥላ ይጋደማሉ። ሉባባም እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ አንቀላፍታ ነበር።

ተነሳሁ። ከመቀነቴ ላይ መርፌ ቁልፍ ፈታሁና ከፍቼ በመዳፌ ያዝኩ። ልለምነው ይሁን ልወጋው እስከ ዛሬ አላውቅም። ሁለቱንም አስቤ ነበር መሰለኝ።

በሩ እንዳለው ገርበብ ብሏል። ገባሁ። ከበሩ ጥግ አንዲት የቆርቆሮ ጎጆ አለች፤ ውስጧ ሬዲዮ በቀስታ ይዘፍናል። አጠገቧ አለፍኩ። ውስጥ ማን እንዳለ አላሰብኩም።

ግቢው ፀጥ ብሏል። ሴቶቹ ከሸራው ጥላ ሥር ተደርድረው ተኝተዋል። ሰው ሲያልፍባቸው የማይነቁ፣ የደከማቸው ሰዎች እንቅልፍ ነው። እግሬ አሸዋውን ሲረግጥ ድምፅ የለውም። የማንን እግር እንደማየው እስኪጠፋኝ ድረስ እግሬን እያየሁ ሄድኩ። ይህን ሁሉ የማየው እኔ አይደለሁም፣ እዚያ ነጠላ ሥር ሉባባ አጠገብ ተኝቻለሁ፣ አሁን አንዱ ይቀሰቅሰኛል እያልኩ ነበር።

ሰማያዊዋን በር አየኋት። ከላይ በፈረንሳይኛ ተጽፏል፤ እሱን አላውቅም። ከታች በአማርኛ «ጥበቃ» ይላል። ከበሩ ሥር ቀዝቃዛ ነፋስ ወጥቶ የእግሬን ጣቶች ነካኝ። በዚያ ሙቀት ውስጥ ቀዝቃዛ ነገር ሲነካኝ ይበልጥ ፈራሁ። ቢስሚላህ ብዬ ገፋሁት።

ክፍሉ ጠባብ ነው። መስኮቱ ላይ ሰማያዊ መጋረጃ ስላለ ብርሃኑ ሁሉ ሰማያዊ ነው። ጥግ ላይ ቬንትሌተር ይዞራል። መሬት ላይ ሰሌን ተነጥፎ አንዲት ሴት ጫማዋን አውልቃ፣ ሻርፗን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ተኝታለች። ወንድ የለም።

ቆምኩ። ትንፋሼን እንኳ ያዝኩ። ምንም አልተናገርኩም፤ ይህን በአላህ ስም እምላለሁ።

ሴትዮዋ ሻርፗን ከፊቷ ሳታነሳ፣ «አቤት እማ» አለች።

ደንግጬ ወደ ኋላ አልኩ። እሷም ቀና ብላ አየችኝ። ወጣት ናት፤ ከኔ ብትበልጥ በትንሽ ነው። ዓይኗን አሸችና «ጠራሽኝ?» አለችኝ።

«አልጠራሁሽም።»

«ሰው ጠርቶኛል። ኢክራም የሚል ሰምቻለሁ። እናቴ መስላኝ...» አለች። ኋላ ላይ እንደነገረችኝ እናቷ ድሬዳዋ ናቸው፤ ትንሽ ልጅ ሳለች እንደሚያደርጉት ከቀፊራ ገበያ ሲመለሱ ዘንቢሉን እንድትቀበላቸው ከበር ላይ ሲጣሯት በሕልሟ እያየች ነበር።

እኔ ግን ይህን ሁሉ አላውቅም። «እሱ የታለ?» አልኳት።

«ማን?»

«ጥበቃው።»

«ጥበቃዋ እኔ ነኝ።»

«አንቺ?»

«እኔ ነኛ! ምነው?»

ከላይ እስከ ታች አየኋት። ክንዷ የመጥረጊያ እንጨት ነው የሚያህለው። ያቺ ልጅ እንኳን ግቢ ልትጠብቅ ዶሮ እሽ ብትል ዶሮዋ የምትሰማት አይመስልም። «ዱላሽስ?» አልኳት።

«የምን ዱላ?»

ተያየን። ቬንትሌተሩ ወደሷ ዞረ፣ ወደኔ ዞረ። መንገድ ላይ ሴት ደላሎች አይቼ ስለነበር፣ ይቺም የሱ ናት፣ አለሳልሳ ልትይዝለት ነው ብዬ ጠረጠርኩ። እጄን ስጨብጥ መርፌ ቁልፉ ወጋኝና «እህ» አልኩ።

«እጅሽ ላይ ምንድን ነው የያዝሽው?»

«መርፌ ቁልፍ።»

«ለምን?»

«ለጥበቃው።»

አልሳቀችም። ፊቷ ላይ ያለው እንቅልፍ ሁሉ ባንዴ ጠፋ። ከተቀመጠችበት ሳትነሳ የውሃ ጆግ ወደኔ ገፋ አደረገችና፣ «በሩ ክፍት እንዲሆን ትፈልጊያለሽ ወይስ ይዘጋ? አንቺ እንደወደድሽ» አለችኝ። ቀጥላም «በሩ ጋ መቀመጥ ይሻልሻል ወይስ ወደ ውስጥ?»

ይህን ስትለኝ አለቀስኩ። ከቤቴ ከወጣሁ ጀምሮ ተቀመጪ፣ ተነሺ፣ ተሰለፊ፣ ነገ ነይ ያልተባልኩበት ቀን የለም። ምን ትወጃለሽ ያለኝ ግን አልነበረም። በር እንዲህ ያስለቅሳል ብዬ አስቤ አላውቅም።

«ክፍት ይሁን» አልኩ። «በሩ ጋ እቀመጣለሁ።»

ነገሩን ሁሉ ነገርኳት። ሉባባን፣ እግሯን፣ «ነገ ነገ»ውን፣ «ጥበቃ ቤት ብቻሽን ነይ» ያለኝን። እዚህ ስደርስ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ታዲያ እዚህ ለምን መጣሽ?»

«ጥበቃ ቤት ብሎኛላ። በሩ ላይ ጥበቃ ይላል። ሴቱ ሁሉ የዘበኞቹ ክፍል እንደሆነ ያውቃል።»

«የዘበኛ? አቦ፣ ዘበኛን እኛ እዚህ ጋርዲየን ነው የምንለው!» አለች። «የዘበኞቹ እዚያ በር ጋ ያለችው የቆርቆሮ ጎጆ ናት። ይሄ እኮ ፕሮቴክሲዮን ነው፤ ሰው የበደላችሁ፣ ያስፈራራችሁ፣ የነካችሁ እንደሆነ መጥታችሁ የምትነግሩበት። ወረቀቱን የላኩልን ሰዎች በአማርኛ ጥበቃ ይባላል ብለው ጻፉልን፤ እኔ አማርኛ የማውቀው በአፍ ነው፣ ያደግኩት እዚህ ካርቲየ 5 ሰፈር ነው፣ የተማርኩት በፈረንሳይኛ። ቀለም ቀቢው ጽሑፉን እንዳለ በሩ ላይ ገለበጠው፣ እኔም ደስ አለኝ።»

መሬቱን አየች።

«እዚህ ተቀምጬ ሰው ስጠብቅ ነው የከረምኩት። አንድም ሴት መጥታ አታውቅም። ሴቶቹ ደህና ናቸው፣ ግቢው ሰላም ነው ብዬ ለአለቆቼ ነግሬያቸዋለሁ። ወላሂ ነግሬያቸዋለሁ።»

አሳዘነችኝ። እኔ ራሴ ሊታዘንልኝ የሚገባኝ ሴት እሷን ማጽናናት ጀመርኩ። «አብሽሪ» አልኳት። ሁለታችንም በዕንባችን መሀል ሳቅን። አንድ ቃል ይህን ሁሉ ያደርጋል? ለሷ መጠለያ የሆነው ቃል ለእኛ ዱላ የያዘ ሰው ነበር።

ደግሞ እኮ በዚያ ሰዓት እሷም እዚያ መገኘት አልነበረባትም። የቢሮ ሰው ሁሉ ለቀትር እንቅልፍ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ በረኛውም የተማመነው በዚህ ነበር። የዚያን ቀን ካርቲየ 5 መብራት ጠፍቶ ስለነበር፣ «ቤት ሄጄ ከምቀቀል እዚሁ ጄኔሬተሩ በሚያዞረው ቬንትሌተር ሥር ልተኛ» ብላ ቀረች። የፈሩት ይደርሳል ይባላል። እኔ ግን ወደ ፈራሁት ቦታ በራሴ እግር ሄጄ የደረስኩት ሌላ ቦታ ሆነ።

ኢክራም ፊቷን በውሃ አበሰችና፣ «ስሚኝ» አለችኝ። «አንቺ ካልፈቀድሽ የነገርሽኝ ነገር ከዚህ ክፍል አይወጣም። ስለሱ ነገ ተረጋግተሽ ታስቢበታለሽ። አሁን ግን መጀመሪያ ምን ይሁንልሽ?»

«ሉባባ ትግባ።»

ጫማዋን አጠለቀች።

የተኙትን ሴቶች አልፈን ወደ በሩ ሄድን። ከቆርቆሮ ጎጆዋ ሽቶ ይሸታል። በረኛው ፀጉሩን በውሃ አስተኝቶ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ብቅ አለ። የጥበቃ ቤቱ ይሄ ነበር ለካ። ቅድም በአጠገቡ ነው ያለፍኩት።

«እህት ዓለም፣ እስካሁን ስጠብቅሽ...» ብሎ ጀመረና ከኋላዬ ኢክራምን አያት።

«ማንን ነበር የምትጠብቀው?» አለችው በአማርኛ።

«በሩን» አለ።

«እሱን እንኳ ክፍት አድርገኸዋል» አለችው። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ሉባባ ነቅታ ነበር። አንዱን እንጨት በሁለት እጇ ይዛ ጥርሷን ነክሳለች። ነጠላው ወድቆ ፀሐዩ ፊቷ ላይ ነው። «የት ጠፋሽ አንቺ!» ብላ ጮኸችብኝ። «ስጠራሽ፣ ስጠራሽ...» ምጥ ጀምሯታል። ግራና ቀኝ ደግፈን አነሳናት። ኢክራም በአንድ እጇ ሉባባን ይዛ በሌላ እጇ ስልኳን ጆሮዋ ላይ አድርጋ፣ አንዴ በሱማልኛ አንዴ በፈረንሳይኛ አዋላጇን ስትጠራ እሰማለሁ። በበሩ ስናልፍ በረኛው ወደ ጎን ቆሞ መንገድ ለቀቀልን። እትዬ ዙሪያሽ ከእንቅልፋቸው ተነስተው ነጠላቸውን አገልድመው እየሮጡ መጡ።

የመግሪብ አዛን ከመሰማቱ በፊት ሉባባ ሴት ልጅ ወለደች። ጥላ ሥር፣ ፍራሽ ላይ። እኔ ከአዋላጇ ክፍል በር ውጭ ቁጭ ብዬ፣ ሕፃኗ ስታለቅስ ሰማሁና እዚያው ግድግዳውን ተደግፌ እንቅልፍ ወሰደኝ። ከስንት ቀን በኋላ የተኛሁት የመጀመሪያው እውነተኛ እንቅልፍ ነው።

በማግስቱ ኢክራም አልጠራችኝም። አልጎተጎተችኝም። ራሴ ሄድኩና ሰማያዊዋን በር አንኳኳሁ። «አቤት!» አለች ከውስጥ። ገብቼ የሰውየውን ስም ተናገርኩ፤ ለሚመለከታቸውም እንድትነግር ፈቀድኩ። ቢበቀለንስ ብዬ ፈርቼ ነበር፣ አልዋሽም። ከዚያ ቀን በኋላ ግን በሩ ላይ አላየሁትም። ነገሩ እየተጣራ እንደሆነ፣ የኔም ስም እንደማይነሳ ነገረችኝ። በሱ ቦታ አንዲት ጎልማሳ የባልባላ ሴት ተቀመጡ፤ ተራ የሚያዛባን በዓይናቸው ብቻ የሚመልሱ።

ወሬው ግቢውን ሲያዳርስ ሴቶቹ አንድ በአንድ ወደ ሰማያዊዋ በር መሄድ ጀመሩ። አንዷ ሽንት ቤቱ መብራት ስለሌለው ማታ ውሃ ሳትጠጣ እንደምታድር ተናገረች። አንዷ የረድኤቱን ዘይት ተሸክማ ስትወጣ የሚቀሟትን። ስለ በረኛው ደግሞ እኔ ብቻ እንዳልነበርኩ ታወቀ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ብትሉን አንቀየምም፤ ጅቡ ሳይሄድ የት ሄደን እንጩህ? መጮኺያው በር የሱ መስሎን ነበር እኮ።

ቀጥሎ የበሩ ስም ጉዳይ መጣ። ኢክራም ቀለምና ብሩሽ ይዛ መጥታ፣ «እናንተ ስም አውጡለት፤ እኔ ከእንግዲህ በአማርኛ አልታመንም» አለች። ከሸራው ሥር ተሰብስበን ክርክር ሆነ።

አንዷ «የችግር ክፍል» አለች።

«እሱማ ያለንበት ነው» አሉ እትዬ ዙሪያሽ፣ ሁላችንም ሳቅን።

ሌላዋ «የእህቶች ቤት» አለች። እትዬ ዙሪያሽ አሁንም «እኔ የማን እህት ነኝ? እናታችሁ ነኝ» አሉ።

እኔ የሉባባን ልጅ ታቅፌ ነበር። ሳላስበው «አቤት በሉት» አልኩ።

ዞረው አዩኝ። «ሰው ሲጠራን አቤት እንላለን» አልኩ። «ሰው ሲበድለንም አቤት እንላለን። ሁለቱም እዚያ ቤት ውስጥ አለ።»

እትዬ ዙሪያሽ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አቤት» አሉ፣ እንደሚቀምሱት ሁሉ። «ጥሩ ነው። ማንም ዘበኛ ስሙ አቤት ተብሎ አያውቅም።»

ኢክራም ከመጻፏ በፊት ፊደሎቹን አሸዋ ላይ በጣቴ ጻፍኩላት፤ እያየች ቀባች። ኦሮሞዎቹና አፋሮቹም በየቋንቋቸው የሚሆነውን ነገሯት። መስማትና መናገር የማትችል አንዲት ሴት አብራን ነበረች፤ ሁሌ ከኋላ የምትቀመጥ፣ ስሟ ሲጠራ ስለማትሰማ ተራዋ የሚያልፋት። ኢክራምን እጅጌዋን ይዛ ጎተተቻትና ጆሮዋን አሳይታ ራሷን ነቀነቀች። ይሄ ለኔ አይሠራም ማለቷ ነው። ኢክራም ብሩሹን ሰጠቻት። ሴትዮዋ ብሩሹን ትታ መዳፏን ቀለሙ ውስጥ ነከረችና ከቃሉ አጠገብ በሩ ላይ ለጠፈችው። ከዚያ በኋላ ማንበብ የማይችሉትም «መዳፏ ያለችበት በር» እያሉ ይሄዱ ጀመር።

አሁን እኔና ሉባባ ካርቲየ 5 አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። ሉባባ ሳምቡሳ ትሸጣለች። ባሏ እስካሁን አልደወለም፤ እሷ መጠበቅ አልተወችም። እኔ ሀራሙስ በሚባለው ሰፈር አንድ ቪላ ውስጥ እሠራለሁ። እመቤቴ ፈረንሳይኛ ናት የምትናገረው፤ «ዘይነባ!» ስትል እኔ በአማርኛ «አቤት!» እላታለሁ። ለምዳዋለች።

ድሮ ይህ ቃል ያስጠላኝ ነበር። ለአባቴ አቤት፣ ለአክስቴ አቤት፣ ለአሠሪ አቤት፣ ለበረኛ አቤት። ዕድሜዬን በሙሉ ለሰው አቤት ስል ኖርኩ እንጂ ለኔ አቤት ያለኝ አልነበረም። የዚያን ቀን አንዲት የማላውቃት ሴት፣ ያውም እንቅልፍ ላይ ሆና፣ ሳልጠራት አቤት አለችኝ። ኢክራም እናቴ መስላኝ ነው ብትልም፣ እኔ ግን ውስጤ ጮኾ ሰምታው ነው እላለሁ። ሉባባም በዚህ ብቻ አትከራከረኝም።

አርብ አርብ ሥራ የለኝም። ከተማው ሲተኛ እኛም በራችንን ገርበብ አድርገን እንተኛለን። የሉባባ ልጅ አሁን አፍ ፈትታለች፤ ከእንቅልፏ ስትነቃ መጀመሪያ ትገላበጣለች፣ ከዚያ ትንሽ ታጉረመርማለች፣ ከዚያ ነው «አክስቴ» የምትል።

እኔ እስከዚያ አልጠብቅም። ስትገላበጥ ስሰማ አቤት እላታለሁ።